ነጭ ሲወጣ ንገሪኝ

ባለፈው ሐምሌ ልጄን ይዤ በመናኸሪያ በኩል ወደ ቤት ስመለስ ዝናብ ያዘንና አንድ ጋራዥ በር ላይ ተጠለልን። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። መንገድ ላይ እጇን አጥብቄ ነው የምይዘው፤ "እማዬ፣ ጣቴን አመመኝ" ስትለኝ ትንሽ ላላ አደርግላትና ሳላውቀው መልሼ አጠብቃለሁ። ቆመን ሳለ ከውስጥ የትራፓኖ ድምፅ ተነሣ፤ ብረት የሚበሳው መሣሪያ ነው። ድምፁን ተከትሎ ሽታው መጣ፤ ነጭ ጋዝ፣ የቆየ ዝገትና የጋለ ብረት፣ ከእርጥብ አፈር ጋር። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ማባራቱን አላስተዋልኩም።

"እማዬ፣ አባራ እኮ። ለምን አንሄድም?"

"ቆይ፣ ይጨርስ።"

"ማን ነው የሚጨርሰው?"

ማን እንደሆነ አላውቅም። ውስጥ ያለውን ሰው አላየሁትም። ግን ያ ድምፅ በሰላም እስኪያቆም ድረስ እግሬን ማንሣት አልቻልኩም። ሲያቆም ደግሞ የሚቆጣ ሰው ይኖር እንደሆነ ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥኩ። ማንም አልተቆጣም። ሄድን።

እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ስለዚህ የማስታውሰውን እንደሆነው ብቻ እጽፋለሁ። እርግጠኛ ያልሆንኩበትን እርግጠኛ አይደለሁም እላለሁ።

ያን ክረምት አሥር ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። እናቴ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል አንሶላ ታጥብ ነበር፤ ማለዳ ወጥታ ሲመሽ ነው የምትገባው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤት ብቻዬን ከምቀር ብላ ከአባባ ጋር እንድውል አደረገችኝ። አባባ የእናቴ አባት ናቸው። ኤርጫፎ ይባላሉ። ከሆሳዕና ወገን በወጣትነታቸው መጥተው ሐዋሳ ውስጥ መካኒክ ሆነው ያረጁ ሰው ነበሩ። ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች፤ በመጋረጃ ተከፍላ ሦስታችንም እዚያው ነበርን።

የሚሠሩበት ጋራዥ መናኸሪያ ጀርባ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ነስሩ ይባላል። ጣራው ቆርቆሮ ሆኖ ዙሪያው ክፍት ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከጣራው ሥር ይሰበሰባል፣ መነጋገርም በጩኸት ብቻ ይሆናል። መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጥቁር ሆኗል። ውሃ ሲያቁር ላዩ ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ይንሳፈፋል። እኔ ያን ቀለም መርዝ ነው ብዬ ስለማምን በኩሬዎቹ መሐል እየዘለልኩ ነበር የማልፈው። አጥሩ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ አባ ኮዳ ይቆማል፤ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለ፣ እኔን የሚያክል ወፍ። ከዓሣው ገበያ ጠግቦ መጥቶ ነው መሰለኝ ንቅንቅ አይልም። ሥራ የሚያበላሽ ሰው የሚጠባበቅ ይመስለኝ ነበር።

የአባባን ዓይን ነገር ያወቅኩት በሻይ ነው። አንድ ጠዋት እናቴ ከወጣች በኋላ ከፔርሙዝ ሻይ ሲቀዱ፣ ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ ቀዱት። ስለ ዝናቡ እያወሩኝ ነው የሚቀዱት። ሻዩ ጠረጴዛውን አልፎ እግሬ ላይ ተንጠባጠበ። ትኩስ ነበር። እግሬን ሳብ አድርጌ ዝም አልኩ። ትልቅ ሰው በልጅ አይታረምም ተብዬ ነው ያደግኩት። በኋላ ብርጭቆውን ፍለጋ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ሲዳስሱ እርጥበቱን አገኙት።

"አስቱ፣ ፈሰሰ እንዴ?"

"ትንሽ ነው አባባ።"

"እግርሽን አገኘሽ?"

"አላገኘኝም።"

እርጥበቱን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያ ዓይናቸው ላይ ሞራ መውጣቱን ነገሩኝ። አንደኛው ከፋሲካ ወዲህ ጠፍቷል፤ ሌላኛው ነገሩን ሁሉ በጭጋግ ውስጥ ነው የሚያሳያቸው። እኔ የማውቀው ሞራ የበግ ሞራ ነው። የበሉት ስብ ወደ ላይ ወጥቶ ዓይናቸው ላይ የረጋ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሥጋ በተሠራ ቁጥር ስቡን ከወጡ ውስጥ እየለቀምኩ እደብቅባቸው ነበር። አባባም ያኝኩና "የዘንድሮ በሬ ምን ነካው? እንዲህ የከሳ" ይላሉ።

"ለእናትሽ እንዳትነግሪ" አሉኝ ያን ጠዋት። "ነስሩም እንዳይሰማ። ዮሐንስ ከሰማ መጥቶ ሆሳዕና ይወስደኛል።" ዮሐንስ አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም።

"ቢወስድዎት ዓይንዎን አያሳክምዎትም?"

"ሐኪሞቹ ዓይንን በስለት ይነካሉ አሉ። ብረት ብረት ላይ ነው የሚያምርበት እንጂ።"

"ሆሳዕና ምን ይሠራሉ?"

"ምን እሠራለሁ? እቀመጣለሁ።"

ያስፈራኝ ይህ ቃል ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከዘበኝነት ሥራቸው ወጥተው በራቸው ላይ መቀመጥ በጀመሩበት ክረምት ነው የሞቱት። እኔ ሁለቱን ነገር አያይዤ ነበር፤ የተቀመጠ ሰው ይሞታል። አባባ እንዳይቀመጡ ማድረግ የእኔ ሥራ ሆነ። ማንም አልሰጠኝም፤ ራሴ ነኝ የወሰድኩት።

አባባ ጋራዥ ውስጥ ስለ እኔ ለጠየቃቸው ሁሉ "ባትሪ የምትይዝልኝ ናት" ይሉ ነበር። ቁልፎቹን በእጃቸው ያውቋቸዋል፤ አሥራ ሁለት ቁጥሩን ከአሥራ ሦስቱ በአውራ ጣታቸው ይለያሉ። ሞተር በጆሯቸው ያደምጣሉ። እኔ የምፈለገው እጅና ጆሮ ለማይደርሱበት ነገር ነበር። ባትሪውን አብርቼ፣ አጎንብሼ አይና ያየሁትን ጆሯቸው ሥር እናገራለሁ። "ቺንጊያው ተሰንጥቋል አባባ።" "ዘይቱ የሚመጣው ከዚህኛው በኩል ነው።" እሳቸው ደግሞ ቀና ብለው ለባለመኪናው፣ ራሳቸው እንዳዩት አድርገው ይነግሩታል። አንዳንዴ ደስ ይለኝ ነበር። አልዋሽም።

ጎማ ሲያስሩ ግን በጣም እፈራ ነበር። ጎማውን የያዘው ትልቁ ዳዶ ከጠበቀ በኋላ ቀዳዳው ውስጥ አንዲት ሽቦ የመሰለች ብረት ትገባለች፤ እንዳትወጣም ጫፏ ይቆለመማል። እሷ ከወጣች ዳዶው ይላላል፣ ዳዶው ከላላ ጎማው ይወልቃል። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። "ተቆልምማለች?" ይሉኛል። አያለሁ። "ተቆልምማለች።" ወደ ቤት ስንመለስ ግን በርግጥ ያየሁት የዚህኛውን ጎማ ነበር ወይስ የዚያኛውን እያልኩ መንገዱን ሁሉ አስባለሁ። ሰው የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር ጎማውን አያለሁ።

ስለ ብረት ቀለም ያስተማሩኝም ያኔ ነው። ከመሬት ሁለት ዓይነት ፍቅፋቂ አስለቀሙኝና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

"ጥቁሩ የብሎን ነው። ጠንካራ ስለሆነ ሲበሳ እንደ ፀጉር ተጠቅልሎ ይወጣል። ነጩ የቴስታታ ነው።" ቴስታታ የሚሉት የሞተሩን ራስ ነው። "እሱ ልስልስ ነው። ትራፓኖ ልስልስ ነገር ይወዳል፤ ካልተጠበቀ ጠንካራውን ትቶ ወደዚያ ይሸሻል። ስለዚህ ጥቁር ሲወጣ ዝም በይ። ነጭ ሲወጣ ንገሪኝ።"

ነሐሴ እንደገባ ታሪኩ ፒክአፑን እያስገፋ መጣ። ታሪኩ ከይርጋለም አቮካዶና ሙዝ የሚያመጣ ወጣት ሾፌር ነው። መኪናዋ ሞቃ መንገድ ላይ ቆማበታለች። ሰው ሳልጠራ ራሴ እከፍታታለሁ ብሎ፣ ከሞተሩ ፊት ውሃው የሚያልፍበትን ክዳን ብሎኖች ሲፈታ፣ አንዱ ብሎን ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ቴስታታው ውስጥ ቀርቷል።

"እኔ እኮ አባባ፣ ነካ ነው ያደረግኩት።"

"በምን ነካኸው?"

"በቁልፍ። እምቢ ሲለኝ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቱቦ ሰካሁበት።"

"ምን የሚያህል ቱቦ?"

ታሪኩ ክንዶቹን ዘርግቶ አሳየ። አባባ ክንዶቹን አላዩም። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ "ከእኔ ይረዝማል" አልኩ።

"ከልጅ የሚረዝም ቱቦ ሰክተህ ነካ አደረግኩት ትላለህ? ብትመታውማ ታቦር ተራራ ይናድ ነበር።"

ሁሉም ሳቀ፤ ታሪኩ ራሱ ሳቀ። አባባ ኮፈኑ ሥር ገብተው በጣታቸው ፈለጉት። ብሎኑ የተቆረጠው ከጉድጓዱ አፍ ዝቅ ብሎ ነው። የትንሿ ጣታቸው ጫፍ እንኳ አትደርስበትም። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲያልፍ አየሁ። እጃቸው ከማይደርስበት ነገር ጋር ብቻቸውን ሲገናኙ እንዲያ ይሆኑ ነበር።

ትርፍ ጫፍ ቢኖረው ዳዶ በይደውበት በቁልፍ ይፈቱት ነበር። ጫፍ የለውም። ሦስት ቀን ሙሉ ነጭ ጋዝ እያንጠባጠቡበት፣ ጠዋትና ማታ በቀጭን ብረት ቀስ ብለው እየመቱት ዝገቱ እንዲለቅ ጠበቁ። ጋዙን የማንጠባጥበው እኔ ነበርኩ፤ ያ ሽታ ከጣቴ አልለቅ ብሎ እንጀራዬን ሁሉ ጋዝ ጋዝ አለው።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። መርፌ ሰው ገላ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ በደም ሥር ሄዶ ልብ ይወጋል ሲባል ሰምቼ ነበር። ብሎኑም እንደዚያ ውስጥ ውስጡን የሚሄድ መሰለኝ። በየጠዋቱ ባትሪውን ይዤ ያለበት መኖሩን አያለሁ።

"ጋሽ ታሪኩ፣ ብሎኑ የሞተሩ ልብ ጋ ይደርሳል?" ብዬ ጠየቅኩት።

"የእኔ መኪና ልብ የላትም" አለኝ። "ልብ ቢኖራት አቮካዶ አስጭና ዳገት ላይ ትከዳኝ ነበር?"

በሦስተኛው ቀን ማብቂያ ጋሽ ነስሩ መጣና ከአባባ ጎን ቆመ።

"አባባ፣ ቴስታታውን አውርደን ቶርኖ ቤት ብንልከው አይሻልም?"

"እኔ እያለሁ?"

"እርስዎን ንቄ አይደለም። ትራፓኖው ትንሽ ከሸሸ ውሃው ጋ ይበሳና ቴስታታው አለቀ ማለት ነው። ዓይን የሚፈልግ ሥራ ስለሆነ ነው።"

"ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ሥራ ነው ነስሩ።"

ጋሽ ነስሩ ወዲያው አልሄደም። አባባን ቆየት ብሎ አያቸው። እኔ ባትሪውን አጠፋሁ፤ ለምን እንዳጠፋሁት አላውቅም። እሱ ከሄደ በኋላ አባባ ቀስ ብለው "ነገ ከጎኔ እንዳትለዪ" አሉኝ። ነገ ነገሩ ከተበላሸ ዓይናቸው እንደማያይ ይታወቃል፤ ከታወቀ ሆሳዕና ነው። ይህን ሳይነግሩኝም አውቄዋለሁ።

በማግስቱ ከጠዋቱ ጀምሮ ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ። ትራፓኖውን ገና ሲሰኩ ዝናቡ ወረደ። ሰው ሁሉ ከጣራው ሥር ገባ፤ ጋሽ ነስሩ፣ ታሪኩ፣ ሌሎች ሁለት መካኒኮች። ሥራ ስለቆመባቸው ሁሉም የፒክአፑን አፍ ከበው ቆሙ። እኔ የታጠፈ ጆንያ ላይ ተንበርክኬ፣ ከፊት ጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ በኩል ወደ ውስጥ አጎንብሼ ባትሪውን ይዣለሁ። አባባ ሹል ብረት ጉድጓዱ ውስጥ አቁመው አንድ ጊዜ በመዶሻ መቱት። ትራፓኖው የሚቆምባት ምልክት እሷ ናት። መሐል መሆን አለባት።

በሌላ ቀን ቢሆን ጆሯቸው ሥር እነግራቸው ነበር። ያን ጊዜ ግን የታሪኩ ጭንቅላት ከእኔ ጭንቅላት አጠገብ ነው፤ ቆርቆሮውም ይጮሃል። አባባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ተማሪ እንደሚፈትን አስተማሪ ዓይነት፣ ፈገግ ብለው ጠየቁኝ።

"መሐል ነው፣ አይደል አስቱ?"

አየሁ። የተቆረጠው ብሎን ገጽ የሸሚዝ ቁልፍ ያህላል። ምልክቷ መሐል አልነበረችም። በግራ በኩል ወደ ጠርዙ ተጠግታለች። በዚህ ላይ እርግጠኛ ነኝ፤ አሁንም ዓይኔን ብጨፍን አያታለሁ።

ሁሉም እኔን ያያል። አይደለም ብል ጋሽ ነስሩ "አባባ ልጅ የሚጠይቁት ምን ሆነው ነው?" ይላል። ደግሞም ትልቅ ሰው በሰው ፊት "አይደል?" ብሎ ሲጠይቅ፣ በደንብ ያደገ ልጅ የሚመልሰው አንድ መልስ ብቻ ነው።

"አዎ አባባ" አልኩ።

ትራፓኖው ተነሣ። መጀመሪያ የወጣው ጥቁር ነበር፤ እንደ ፀጉር የተጠቀለለ፣ የሚጨስ። ሁለት ሦስት ዙር ጥቁር ወጣ። ምናልባት ምንም አይሆንም ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ወዲያው ትራፓኖው አቃስቶ ቆመ። መብራት ሄደ። ከማዶ ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮም ዝም አለ፤ ዝናቡ ብቻ ቀረ።

"መብራቷም ፈራች" አለ ታሪኩ።

እኔ ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ እባክህ መብራቱን አታምጣው አልኩ። በዚያ ክረምት ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ብሎ የጸለየ ሰው ያለ አይመስለኝም። አባባ ትራፓኖውን እንደያዙ ቆመዋል። ግንባራቸው በላብ ወዝቷል። አሁን ልንገራቸው ብዬ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩ፤ የምጀምርበት ቃል ግን አጣሁ። "አዎ ያልኩት አዎ አይደለም" እንዴት ይባላል? ይህን ሳስብ መብራቱ መጣ።

እንደገና ጥቁር ወጣ። ከዚያ ከጥቁሩ መሐል አንድ ነጭ አየሁ። እንደ ከረሜላ ወረቀት የሚያብለጨልጭ፣ ቀጭን። የባትሪው ብርሃን ይሆናል አልኩ። ሁለተኛ ነጭ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጥቁሩ ሁሉ ቀርቶ ነጭ ብቻ መውጣት ጀመረ፣ በፍጥነት፣ በቀላሉ።

"አባባ" አልኩ። አልሰሙኝም። ሁለተኛም ጠራኋቸው። ከዚያ በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን ነገር አደረግኩ። ትልቅ ሰው ክንድ ላይ ተንጠልጥዬ ወደ ኋላ ጎተትኩ።

"ነጭ ነው፣ አባባ፣ ነጭ ነው፣ ነጭ ነው።"

ትራፓኖው ቆመ። ጋሽ ነስሩ ባትሪውን ከእጄ ወስዶ አጎነበሰ። ብዙ ቆየ። ታሪኩ መቀለድ ትቷል።

"ወደ ግራ ሸሽቷል" አለ ጋሽ ነስሩ ቀና ሳይል። "አልተበሳም። የጥፍር ያህል ቀርቶታል።" ከዚያ ቀና ብሎ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አባባን አየ። "ምልክቱ ዳር ላይ ነው የተመታው አባባ። ይሄ እኮ ይታያል።"

 አባባ በጨርቅ እጃቸውን ጠረጉ፤ ደጋግመው ጠረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ፣ ሁሉም እየሰማ ጠሩኝ።

"አስቱ፣ ነይ። አሁን የምታይውን ንገሪኝ። ያየሽውን ብቻ።"

ነገርኳቸው። "ወደ ቀኝ ይምጡ አባባ። ትንሽ። አሁንም ትንሽ። አለፈ። ይመለሱ። እዚያ ጋ።" ሹሉን ብረት አቁመው መቱት። "አሁን የት ነው?" አሉኝ። "መሐል" አልኩ፤ ከማለቴ በፊት ከሁለት አቅጣጫ አይቼዋለሁ። በቀጭኑ መብሻ ቀስ ብለው ጀመሩ። የወጣው ሁሉ ጥቁር ነበር። ጉድጓዱ ሲበቃ፣ ጥርሱ ወደ ግራ የተጠመዘዘ ጠንካራ ብረት አስገብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በቁልፍ ማዞር ጀመሩ። ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ተሰበረ ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ። የተሰበረ ነገር የለም፤ ብሎኑ ነው የለቀቀው። እየዞረ ወጣና መዳፋቸው ላይ ወደቀ። ባቄላ ነው የሚያህለው።

ታሪኩ የአባባን ትከሻ ሳመ። ሌሎቹ ወደየሥራቸው ሄዱ። ጋሽ ነስሩ ወደ ቢሮው ገባ።

ወደ ቤት ስንመለስ እያካፋ ነበር። አባባ ትከሻዬን ይዘው ነው የሚሄዱት፤ ከውጭ ለሚያይ እሳቸው እኔን የሚመሩኝ ይመስላል። አንድ ጋሪ አልፎ ጭቃ ረጨብን። ከዚያ በኋላ ነው የጠየቁኝ።

"ለምን አዎ አልሽኝ?"

"ፈርቼ።"

"ማንን?"

"ሰዎቹን። አጎቴን።"

ጥቂት ሄድን።

"እጄ ነግሮኝ ነበር" አሉ። "ትራፓኖው ወደ ልስልሱ ሲሄድ እጅ ያውቃል። አንቺ አዎ ስላልሽኝ እጄን አላመንኩትም።"

ማልቀስ ጀመርኩ። ቆሙ።

"አታልቅሺ። ጥፋቱ ያጠያየቄ ነው። 'አይደል?' ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ራሱ ይዞ መጥቷል። እንደዚያ የጠየቅኩሽ እኔም ፈርቼ ነው።"

አባባ የሚፈሩ ሰው መሆናቸውን እስከዚያ ሰዓት አላውቅም ነበር። ከብሎኑም፣ ከጋሽ ነስሩም፣ ከአጎቴም ይልቅ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። እስከ ቤት ድረስ ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ ከበደኝ።

በማግስቱ ጠዋት አባባ የሥራ ልብሳቸውን አልለበሱም። ለቸርች የሚለብሱትን ኮት ለብሰው ጋራዥ ሄድን። ጋሽ ነስሩ ቢሮው ውስጥ ነበር። አባባ አልተቀመጡም።

"ነስሩ፣ ዓይኔ አያይም።"

"ትናንት ገባኝ" አለ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከፋሲካ ወዲህ።"

ይጮሃል ብዬ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸም። ድምፁ ይበልጥ ዝቅ አለ፤ ያ ደግሞ ከጩኸት የባሰ ነው።

"በዚህ መሐል ጎማ አስረዋል?"

"አስሬአለሁ።"

"የማንን የማንን?"

አባባ አሰቡ። ሁሉንም አያስታውሱም። እጃቸውን አንገቴ ላይ አሳረፉ። "ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ጎማ ያሰርኩት ከእሷ ጋር ብቻ ነው። እሷ ታውቃለች" አሉ።

ጋሽ ነስሩ ወረቀት አወጣ። አንድ በአንድ ነገርኩት። የዲላው ሚኒባስ፣ የኋላ ሁለቱም። ትምህርት ቤት ልጆች የምታመላልሰው ነጭ መኪና፣ የፊት ቀኝ። የዳቦ ቤቱ መኪና። እያንዳንዷን መኪና ስናገር አባባን በራሴ አፍ ወደ ሆሳዕና እየሰደድኳቸው እንደሆነ አውቅ ነበር። አንዷን ብዘልላት ማንም አያውቅብኝም። አባባ ግን ቆም ባልኩ ቁጥር "ንገሪው" ይሉኛል።

"ቆልማማዋን ብረት አይተሻታል?" አለኝ ጋሽ ነስሩ፣ ስለ ነጯ መኪና።

"አይቻለሁ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አይደለሁም" አልኩት።

አንገቴ ላይ ያለው እጅ አልተነሣም። ስድስት መኪና ሆነ። በሁለት ቀን ውስጥ አምስቱን አስጠርቶ ሁሉንም ራሱ አያቸው። አራቱ ደህና ነበሩ። በነጯ ላይ ብረቷ ገብታ፣ ሳትቆለመም ተገኘች። ጋሽ ነስሩ አጠገቡ ቆሜ ሳለሁ በፒንሳ ቆለመማት። ቀና ብሎ አላየኝም። ስድስተኛው፣ ሰማያዊ የጭነት መኪና፣ ወደ ሞያሌ ወጥቶ ነበርና አልተገኘም። ደህና ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰማያዊ የጭነት መኪና ሳይ አሁንም ቆሜ የፊት ግራ ጎማውን አያለሁ።

"ይምጡ አባባ፣ ከእኛ ጋር ይጫወቱ፣ ሻይ ይጠጡ" አላቸው ጋሽ ነስሩ በመጨረሻ። "መኪና ብቻ አይንኩ።"

"ለመቀመጥማ ሆሳዕና አለልኝ" አሉት። ተጨባብጠው ተለያዩ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ለምን አልነገርሽኝም ብላ አልመታችኝም። መጋረጃው ጀርባ ገብታ የአባባን ልብስ አጣጠፈች። ቅዳሜ አጎቴ ዮሐንስ ኮንትራት መኪና ይዞ መጣ። ዓይናቸውን አሳክማለሁ፣ ዛሬ ዛሬ ቀላል ነው አለ። አባባ የመኪናውን በር በእጃቸው ፈልገው ገቡ። ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ላይ ምንም ዕቃ የለም፣ እጆቻቸው ባዶ ናቸው። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በመስኮቱ በኩል ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"አስቱ።"

"አቤት አባባ።"

"እይልኝ እስቲ። በሩ ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም?"

የተዘጋ ይመስለኝ ነበር። መልስ ሳልሰጥ ከፍቼ አየሁት። የኮታቸው ጫፍ በሩ ላይ ተይዞ ነበር። ወደ ውስጥ አስገባሁላቸውና መልሼ ዘጋሁት፤ እጀታውን ይዤ ሁለት ጊዜ ሳብኩት።

"አልተዘጋም ነበር" አልኳቸው። "አሁን ተዘግቷል።"

"እሺ" አሉ፤ ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረው "ሂድ" አሉት።